የሽንብራ ነቀዝ ቦሎቄ ላይ ለምን ያልቃል? ጢንዚዛ ይህን ያህል የበዛውስ በዕፅዋት ምክንያት ነው?

መምህርት_ዘ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የሽንብራ ነቀዝ በጠርሙስ እያረባን ነው። አንዱ ልጅ ከነቀዞቹ ጥቂቱን ወስዶ ቦሎቄ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨመራቸው። እንቁላል ጣሉ፣ ቦሎቄው ላይ የተለጠፉት ነጫጭ ነጥቦች በዓይን ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልወጣም። የሽንብራው ጠርሙስ በነቀዝ ሲሞላ የቦሎቄው ባዶ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ «ሁለቱም ጥራጥሬ አይደሉም ወይ?» ብለው ያዙኝ። ሌላዋ ደግሞ «ጤፍንስ ለምን ነቀዝ አይነካውም?» አለችኝ።

ነቀዝ ከጢንዚዛ ወገን ነውና ከዚህ ተነስቼ ሳነብ ሰፋ ያለ ጉዳይ ውስጥ ገባሁ። እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው ጢንዚዛዎች ወደ 400,000 ዝርያ ይጠጋሉ። ስም ከተሰጣቸው እንስሳት ሁሉ ሩቡ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክንያት አበባ ያላቸው ዕፅዋት ሲበዙ ጢንዚዛዎቹም አብረው በዙ የሚል ነው። እውነት ይሄ ብቻ ይበቃል? ለክፍል የሚሆን ግልጽ መልስ እፈልጋለሁ፣ ምሳሌ ያለው ሰው ካለ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

ጎታ_67፦
መምህርት፣ ልጁ ያደረገው ነገር ትክክለኛ ሙከራ ነው፤ አመስግኚልኝ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጎተራ ተባይ ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ቦሎቄ ፍሬው ውስጥ ነቀዝ የሚያስርበት ፕሮቲን አለው። ስታርችን የሚፈጨው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ይህ ፕሮቲን ደግሞ የአሚሌዝን ሥራ ያግዳል። የሽንብራው ነቀዝ እጭ ከእንቁላሉ ይወጣል፣ የቦሎቄውን ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መብላትም ይጀምራል። ነገር ግን አሚሌዙ ስለታሰረበት የበላው ስታርች አይፈጭለትም። ምግብ መሀል ተቀምጦ በረሃብ ይሞታል። እናቲቱ ይህን አታውቅም፣ ለስላሳና ክብ ፍሬ ካገኘች እንቁላሏን ትጥላለች። ልጆቹ ያዩዋቸው ነጫጭ ነጥቦች እነዚያ ናቸው።

ቦሎቄን የሚጨርሱት ሌሎች ናቸው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አሉ፣ ሁለቱም እንደ ቦሎቄው መሠረታቸው አሜሪካ አህጉር ነው። ዛብሮቴስ የሚባለው እንደ ስምጥ ሸለቆ ያለ ሞቃት አካባቢ ይበረታል። አካንቶሴሊደስ የሚባለው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል። የእነዚህን አሚሌዝ የቦሎቄው ፕሮቲን አያስረውም። ዘራቸው እዚያ በዱር ቦሎቄና በዘመዶቹ ላይ ረጅም ዘመን ስለኖረ መውጫውን አግኝቷል። የሽንብራው ነቀዝ ግን የእስያ ነው፣ ከቦሎቄ ጋር የተገናኘው ሰው እህል ባሕር ማሻገር ከጀመረ ወዲህ ነው።

ይህቺ አንዲት ፕሮቲን ምን ያህል ጉልበት እንዳላት የታየው በ1990ዎቹ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ተመራማሪዎች ዘረመሏን ከቦሎቄ ወስደው አተር ውስጥ አስገቡ፣ አተሩም የአተር ነቀዝን ተቋቋመ። የአተር ነቀዝ ደግሞ ጠባዩ ለብቻው ነው። ጎተራ ውስጥ አይራባም። እንቁላሉን የሚጥለው ማሳ ላይ፣ ገና አረንጓዴ በሆነው የአተር እሸት ላይ ነው፣ በዓመትም አንድ ትውልድ ብቻ አለው። ገበሬው አጭዶ ሲያስገባ እጩ ፍሬው ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። ጎተራውን ብቻ ያጸዳ ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ፣ ነቀዙን ተሸክሞ ያመጣው ራሱ እህሉ ነው።

የጤፉ ጉዳይ ከመርዝ ጋር አይገናኝም፣ የመጠን ነገር ነው። የስንዴና የበቆሎ ነቀዝ እናት ፍሬውን በአፏ ትበሳና እንቁላሏን ውስጥ ትቀብራለች። እጩ ከዚያች አንዲት ፍሬ ሳይወጣ ነው አድጎ የሚጨርሰው። ጎልማሳው ነቀዝ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ የጤፍ ፍሬ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። የት ይግባ? ዱቄት ሲሆን ግን የዱቄት ጢንዚዛ ያገኘዋል፣ የሱ እጭ ፍሬ ውስጥ መደበቅ አያስፈልገውም።

ናሆም_ባዮ፦
ጋሼ ጎታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን የመሰለ ማብራሪያ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዘው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ሐሳቡን ያነሱት በ1964 ፖል ኤርሊክና ፒተር ሬቨን ናቸው፣ የተነሱትም ከቢራቢሮ ነው። አንድ ተክል በአጋጣሚ አዲስ መከላከያ ኬሚካል ያገኛል። የሚበሉት ነፍሳት ይቀንሱለታል፣ እሱም ይስፋፋል፣ ብዙ ዝርያ ይወጣዋል። ቆይቶ አንድ ነፍሳት ያንን ኬሚካል የሚችልበት መላ ያገኛል። ማንም ያልነካው ምግብ ስለተከፈተለት በተራው እሱም ይበዛል። ይህ ሲደጋገም በሁለቱም ወገን ዝርያ ይከማቻል።

ይህን ጢንዚዛ ላይ የፈተነው ብራያን ፋረል ነው፣ በ1998 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የተመለከተው የነቀዞችን፣ የቅጠል በል ጢንዚዛዎችንና ረጅም አንቴና ያላቸውን ግንድ ቦርቧሪዎች የያዘውን ፋይቶፋጋ የሚባል ትልቅ ቡድን ነው። በጊዜው የታወቁት ዝርያዎቹ ወደ 135,000 ነበሩ። መንገዱ ቀላል ነው፤ መምህርት፣ ሰሌዳ ላይ ብትስይው ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል። እህትማማች የሆኑ ሁለት የዘር ሐረጎችን ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። አንደኛው እንደ ጽድ ባሉ ወይም ሳይካድ በሚባሉት አበባ በሌላቸው ጥንታዊ ዕፅዋት ላይ የቀረ ነው። ሌላው ወደ አበባ አብቃዮቹ የተሻገረ ነው። ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ከአንድ ወላጅ ነው የወጡት። የተሻገረው ወገን በዝርያ ብዛት እጅግ ይበልጣል። ይህ የታየው አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንል ነበር። ግን በተለያዩ የዘር ሐረጎች ላይ ተደጋገመ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። ቅጠልና እንጨት መብላት ቀላል ይመስለናል እንጂ የተክል ሴል ግድግዳ ከሴሉሎስና ከፔክቲን ስለተሠራ አብዛኛው እንስሳ ብቻውን አይፈጨውም። ላም እንኳን ሆዷ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ነው የምትኖረው። በ2019 ዱዌይን ማኬናና ባልደረቦቹ የ146 ጢንዚዛ ዝርያዎችን ዘረመል አነጻጽረው ያሳተሙት ሥራ አለ። ፋይቶፋጋዎቹና አንድ ሌላ የግንድ ቦርቧሪ ቡድን ግድግዳውን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ራሳቸው ይሠራሉ። ዘረመሎቹ ደግሞ መነሻቸው ጢንዚዛ አይደለም፣ በጥንት ጊዜ ከባክቴሪያና ከፈንገስ የተሻገሩ ናቸው! ከወላጅ ሳይወረስ፣ ከማይዛመድ ፍጡር ወደ ጢንዚዛው ገብቶ ቤተኛ ሆነ ማለት ነው። ለኔ መልሱ አበባ ብቻ አይደለም፣ ይህ ችሎታና አበባ አብቃዩ ዓለም መገናኘታቸው ነው።

አቢጊያ_ኤም፦
ናሆም ያልከው ጥሩ ነው ግን ለተማሪ «በዕፅዋት ምክንያት በዙ» ተብሎ ከቀረበ ይጎድላል ባይ ነኝ።

በ2007 እዚያው ሳይንስ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ ወደ 1900 የሚጠጉ ዝርያዎችን በዘረመል ያነጻጸረ። ያገኙት፣ ዛሬ ከምናያቸው የጢንዚዛ የዘር ሐረጎች ከ100 በላይ የሚሆኑት አበባ አብቃዮች ከመስፋፋታቸው በፊት ነበሩ። ጢንዚዛ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ነው፣ የአበባ አብቃዮች ግልጽ ቅሪቶች ግን ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው የሚታዩት። ስለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መወለዳቸው ሳይሆን አለመጥፋታቸው ነው። የፊት ክንፉ ወደ ጠንካራ ሽፋን የተለወጠ ፍጡር ቅርፊት ሥር፣ አፈር ውስጥ፣ እበት ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ በሄደበት ሁሉ ይኖራል። ቅጠል የማይነኩትንም እንቁጠር እንጂ። ስታፊሊኒድ የሚባለው ቤተሰብ ብቻውን ከ60,000 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹም ሌላ ነፍሳት አዳኝ ናቸው። እነሱን ምን አበዛቸው ልንል ነው?

ሁለተኛው ቅሬታዬ «አብረው» የሚለው ላይ ነው። ልጆች ሲሰሙት ተክሉና ጢንዚዛው እኩል እርምጃ እየሄዱ ይመስላቸዋል። እዚያው 2007 ላይ ቅጠል በል ጢንዚዛዎችን ያጠኑ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲያሰሉ የተገኘው ዕፅዋቱ ቀድመው ተስፋፍተው፣ ጢንዚዛዎቹ ቆይተው እንደደረሱ ነው። መከተል ነው ይሄ። የተበተነ ምግብ አገኙና ተከፋፈሉት። ተክሉ ለዚያ ጢንዚዛ ብሎ መለወጡን ማሳየት ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል።

ሁለቱም ወገን እየተገፋፋ የተለወጠበት ምሳሌ ከተፈለገ ጃፓን አለ። ካሜሊያ የምትባል የሻይ ተክል ዘመድ የሆነች ዛፍ አለች፣ ፍሬዋ ወፍራም ልጣጭ አለው። በላይዋ የሚኖረው ነቀዝ አፉ እንደ ኩምቢ የረዘመ ነው፣ የሴቷ ከራሷ ገላ ይበልጣል። ሴቷ በዚያ አፍ ልጣጩን ሰርስራ ዘሩ ጋ ከደረሰች ትወልዳለች፣ ካጠራት ለፍታ ትቀራለች። ሂሮካዙ ቶጁና ቴይጂ ሶታ ቦታ በቦታ ለኩ። ልጣጩ ወፍራም በሆነበት አካባቢ የነቀዟም አፍ ረጅም ነው፣ ቀጭን በሆነበት አጭር። ወደ ደቡብ፣ ወደ ያኩሺማ ደሴት ሲወረድ ሁለቱም ከመጠን ያልፋሉ። መምህርት፣ ሥዕሉን ብታሳያቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ደግሞ ጢንዚዛና ተክል ማለት በላተኛና ተበላ ብቻ አይደለም። ምያንማር የተገኘ 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዛፍ ሙጫ ውስጥ የሳይካድ ብናኝ (ፖለን) ከጎኑ ያለ ጢንዚዛ ተገኝቷል፣ በ2018 ታተመ። ዛሬም ብዙ ሳይካዶች፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉትን ጨምሮ፣ ብናኛቸውን የሚያደርሱላቸው ጢንዚዛዎች ናቸው።

ናሆም_ባዮ፦
አቢጊያ፣ 2007ቱን አልክድም። ግን የዘር ሐረግ ዕድሜና የዝርያ ብዛት ሁለት ጥያቄ ናቸው። ነቀዞች ጥንትም ነበሩ፣ ይህ እርግጥ ነው። ዛሬ ግን ስም ያላቸው ነቀዞች ከ60,000 አያንሱም፣ አብዛኞቹም አበባ አብቃይ ላይ ነው ያሉት፤ በድሮዎቹ ሳይካድና ጽድ ላይ የቀሩት ዘመዶቻቸው ጥቂት ናቸው። ስታፊሊኒዶቹን በተመለከተ ትክክል ነሽ፣ እነሱን በዕፅዋት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ለክፍል እንዲህ ቢባል እስማማለሁ፤ ጢንዚዛ እንዲቆይ ያደረገው አካሉ ነው፣ ከጢንዚዛም ዕፅዋት በሉን ወገን ያበዛው ዕፅዋቱ ነው።

የቆላ_ሙጫ፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ግን ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ስለ ጢንዚዛና ተክል ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ከርቤን ይነካል፣ የኛ ሰው ደግሞ እምብዛም አያውቀውም።

ከርቤ የምናገኘው ኮሚፎራ ከሚባሉት ዛፎች ነው፣ በቆላው አገራችን ብዙ ዝርያ አላቸው። የቅርብ ዘመዳቸው ሜክሲኮ ያለው ቡርሴራ ነው። የሁለቱም ሙጫ ሽታ ባለው፣ ተርፒን በሚባል ኬሚካል የተሞላ ነው። አንዳንዱ ቡርሴራ ሙጫውን ቅጠሉ ውስጥ በግፊት ያከማቻል፣ ነፍሳት ሲነክሰው ከ1 ሜትር በላይ ይረጫል። እጩ በሙጫ ይታጠባል፣ ሙጫው ይደርቅበታል፣ ያልቃል። ብሌፋሪዳ የሚባሉ ጢንዚዛዎች ግን እዚያው ዛፍ ላይ ይኖራሉ። እጫቸው ከመብላቱ በፊት ሙጫው የሚሄድባቸውን የቅጠሉን ሥሮች አንድ በአንድ ይነክስና ግፊቱን ያስተነፍሰዋል። ለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ቅጠሉን ለመብላት ግን ደቂቃዎች ይበቁታል።

ይህን ለረጅም ጊዜ ያጠናችው ጁዲት ቤሴራ ናት። በ1997 ያሳተመችው ለመምህርት ጥያቄ ቁልፉ ይመስለኛል። የጢንዚዛዎቹን የዘር ሐረግ ከዛፎቹ የዘር ሐረግ ጋር ስታስተያየው መግጠሙ ከፊል ነው። ዛፎቹ ባላቸው ኬሚካል መሠረት ስታስተያየው ግን ይበልጥ ይገጥማል። ጢንዚዛው ሲሻገር የሚሄደው የዛፉ የሥጋ ዘመድ ወደሆነው ሳይሆን የሚቀምሰው ኬሚካል ወደሚመሳሰለው ነው፣ ዛፎቹ በዘር ቢራራቁም። ለዚህ ነው እኔ አቢጊያ «መከተል» ያለችውን የምደግፈው፣ ግን የሚከተሉት ኬሚካሉን ነው ብዬ እጨምራለሁ። ቦሎቄና ሽንብራም እኮ ቤተሰባቸው አንድ ነው፣ ነቀዙን የገደለው የፍሬው ኬሚስትሪ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የአፍሪካው ወገን ነው። የብሌፋሪዳ ዘመዶች እዚህ አፍሪካ ውስጥ ኮሚፎራን ይበላሉ። ከነሱ አንዱ ዲያምፊዲያ ነው፤ ናሚቢያና ቦትስዋና ያሉት ሳን ሕዝቦች እጩን ከኮሚፎራው ሥር ካለው አፈር ቆፍረው አውጥተው የቀስታቸውን መርዝ ከሱ ይሠራሉ። ቡርሴራና ኮሚፎራ አትላንቲክን ተሻግረው ተለያይተው፣ በሁለቱም ዳር አንድ ዓይነት ጢንዚዛ ቤተሰብ ተቀምጦባቸዋል! ቤሴራ ይህን ትስስር ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ታደርሰዋለች። አቢጊያ በቅጠል በሎቹ ዕድሜ ላይ ያነሳችው ክርክር እዚህም እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ ትስስሩ ራሱ አይፈርስም።

የእጣን ዛፋችንም ጢንዚዛ አለበት። ሰሜን ምዕራብ ያለው እጣን ዛፍ ግንዱን ረጅም አንቴና ባለው ጢንዚዛ እጭ ይቦረቦራል፣ ሙጫ አብዝቶ የተቀዳበት ዛፍ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ሙጫው የዛፉ መከላከያ ነው። እኛ መከላከያውን ቀድተን ሸጠን፣ ዛፉን ባዶ እጁን ከጢንዚዛው ፊት እያቆምነው ነው። ይህ ጉዳይ እጅግ ያሳስበኛል፣ ሙጫ መቅዳቱን መቀነስና ዛፉን ማሳረፍ የግድ ነው።

መምህርት_ዘ፦
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የቆላ_ሙጫ፣ የኬሚካሉ ነገር ለልጆቹ የማስተምርበትን መንገድ ቀይሮልኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። ቡናስ? ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው ይባላል፣ የቡና ፍሬ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ግን እንዳለ እናውቃለን። ሌላው፣ ጋሼ ጎታ፣ ነቀዝ የሚቋቋም ቦሎቄ ቢገኝ ጢንዚዛው መልሶ አይለምደውም?

ጎታ_67፦
የቡናውን ጢንዚዛ ብዙ ሰው እንደ ማንኛውም ተባይ ያየዋል፣ ነገር ግን ሥራው ለየት ያለ ነው። ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ፍጡር ነው። እናቲቱ ፍሬውን ሰርስራ ገብታ ዘሩ ውስጥ ትወልዳለች፣ ልጆቿ እዚያው እርስ በርስ ይዳራሉ። ወንዶቹ ጥቂትና ክንፋቸው የማይሠራ ስለሆነ ከፍሬው አይወጡም፣ በርረው ሌላ ፍሬ የሚፈልጉት ሴቶቹ ናቸው። ሙሉ ሕይወቱ ካፌይን ውስጥ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ካፌይኑን የሚሰብሩለት አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ በመድኃኒት ሲጠፉ ካፌይኑ ሳይሰበር አለፈ፣ ጢንዚዛውም ተጎዳ። ከዚያ በፊት በ2012 ደግሞ የቡና ዘር ውስጥ ያለውን ጠንካራ ስኳር የሚፈጭበት አንድ ዘረመል ከባክቴሪያ የተሻገረ ሆኖ ተገኝቷል። ቡና የማይበላው የቅርብ ዘመዱ ላይ ያ ዘረመል አልተገኘም። ናሆም ያለው እንግዲህ በኛው ቡና ላይም አለ።

የስንዴውም ነቀዝ ሴሉ ውስጥ ባክቴሪያ ያሳድራል። ጠንካራ ቆዳው የሚሠራበትን ንጥረ ነገር የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ቆዳው ከጠነከረ በኋላ ያጠፋቸዋል።

ወደ ቦሎቄው ልምጣ። ሜክሲኮ ውስጥ ባለው የዱር ቦሎቄ ላይ አርሴሊን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ተገኝቷል፣ ኮሎምቢያ ያለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከልም ወደ እርሻ ቦሎቄ አዳቅሎታል። ዛብሮቴስን በደንብ ይመክታል። አካንቶሴሊደስ ላይ ግን ጉልበቱ ያንሳል። ይህ የሚያሳየው አንድ ዘር ለአንዱ ነቀዝ ሲሠራ ለሌላው ላይሠራ እንደሚችል ነው፣ ስለዚህ የትኛው ነቀዝ እንዳለ ሳይለዩ ዘር መምረጥ ከንቱ ድካም ነው። መልመድን በተመለከተ፣ አንድ መከላከያ ብቻውን ሰፊ ቦታ ላይ ከተዘራ ያንን የሚችለው ነቀዝ መመረጡ አይቀርም። አየር የማያስገባ ከረጢት፣ በጊዜ ማጨድ፣ የሚቋቋም ዘር፣ ሁሉም አንድ ላይ መሆን አለበት።

ደጋ ላሉት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ፣ ከነቀዙ ጠባይ የመጣ። ዛብሮቴስ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይለጥፋል። አካንቶሴሊደስ ግን ሳይለጥፍ በፍሬዎቹ መካከል ይጥለዋል። የተፈለፈለው እጭ ቆዳውን ለመብሳት ገላውን አጠገቡ ባለው ፍሬ ደግፎ ለሰዓታት ይታገላል። ቦሎቄው በዚህ መሀል ከተገላበጠ ድጋፉን ያጣል፣ የጀመረው ቀዳዳም ይጠፋዋል። ስለዚህ ጆንያውን ሳይሞሉ፣ ጠዋትና ማታ ማንከባለል ነው። ልጆቹም ሁለት ጠርሙስ ይዘው ሊሞክሩት ይችላሉ፣ አንዱን እያገላበጡ ሌላውን ሳይነኩ፣ በአካንቶሴሊደስ ብቻ እንጂ በሽንብራው ነቀዝ አይሁን፣ እሱም እንቁላሉን ይለጥፋልና።